ሌሊቱን የሚጠይቅ ማጣበቂያ

ቅዳሜ ነው። ቢቸና አቅራቢያ ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ሞጣ ሠርግ ልንሄድ፣ አባቴ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ኮረኮንቹን እንደያዝን ከሥር "ጓ!" አለ። ወርጄ ሳይ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ኮፓ በድንጋይ ተመትቶ ተሰንጥቋል፤ ዘይቱ ጠብ ጠብ ይላል። ሞተሩን አጥፍተን፣ ገፍተን ግቢ አስገባነው።

"ድሮ ሳሙና ነበር የምንጠቀጥቅበት" አሉ አባቴ። ለሚያንጠባጥብ ነዳጅ ታንክ እውነታቸውን ነው፤ ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟው ጋራዥ እስኪደረስ ያዘልቅ ነበር። የሞቀ ዘይት ላይ ግን ሳሙና ይለሰልሳል።

እኔ የያዝኩት የብረት ዱቄት ያለበት ባለ ሁለት ቱቦ ማጣበቂያ፣ ኢፖክሲ የሚባለውን ነው። ከዓይነቶቹ ታዋቂው ጄ ቢ ዌልድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ የተሠራ ነው። አንዱ ቱቦ ሙጫው፣ ሌላው ማጠንከሪያው ነው። እንደ ቀለም በአየር አይደርቅም፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ እርስ በርስ ተዋህደው ይጠነክራሉ። ስለዚህ እኩል ለእኩል መሆን አለባቸው። ማጠንከሪያውን ብናበዛው ይፈጥናል ማለት ስህተት ነው፤ ያልተመጣጠነው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ጽዳቱ ላይ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ዘይቱን በሙሉ አፈሰስኩ። ስንጥቁን በቤንዚን ጠርጌ (ልጆችና ሲጋራ ሩቅ!) ብረቱ እስኪገለጥ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ማጣበቂያውን ከስንጥቁ ዙሪያ አንድ ጣት አስተርፌ ቀባሁ። ጓንት አድርጌ ነበር፤ ማጠንከሪያው ቆዳን ያስቆጣል፣ አንዴ አለርጂ ያስያዘውን ሰው ደግሞ በነካው ቁጥር ይመለስበታል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥርም አይገባም፤ ጠንካራ ድጋፍ ያስፈልጋል።

ስጨርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆነ። ይህ ዓይነቱ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ይይዛል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ከ15 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው። ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል፤ ቢቸና ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ሌሊቷ ይታወቃል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ በጥፍሬ ተጭኜ "ድንጋይ ሆኗል፣ እንሂድ" አልኩ።

"ድንጋይ ከሆነ ምን አስቸኮለህ? ልጆቹን ይዘህ መንገድ ላይ ልትቆም ነው?" አሉ አባቴ።

ሞጣ ደወልን፤ ሙሽራዋ አኮረፈች። አዲስ ዘይት ሞልተን የተነሳነው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በየመንገዱ እየቆምኩ ከሥር አየሁ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ምሳው አመለጠን። ከሠርጉ መልስ ኮፓው በጋራዥ ተቀየረ።

ይህን ያነበበ አባት ፍሬን ላይ እንዳይሞክረው አደራ። የፍሬን ቱቦ፣ የመሪ አካል፣ የጎማ ቸርኬ በማጣበቂያ አይጠገኑም፤ ቢለቁ ሰው ነው የሚጎዳው። የነዳጅ ታንክም ለባለሙያ ይተው። የራዲያተር ስንጥቅ ጋራዥ እስኪደረስ ሊያዝ ይችላል፤ ግን ክዳኑ በትኩሱ አይነካ። በዚህ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ታፍኖ ከዚያ በላይ የሞቀው ውኃ ክዳኑ ሲከፈት ፊት ላይ ይፈነዳል። ውኃ ልጨምር ብለው ቀድመው የሚወርዱት ደግሞ ብዙ ጊዜ አያቶች ናቸው።

አባቴ አሁን ለጉዞ ስንነሳ ትርፍ ጎማውን ሳያዩ ሁለቱን ቱቦዎች ይጠይቃሉ። ሳሙናቸውንም አልተዉም።