መዘግየትና መቸኮል፦ የአንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ኮምፒውተሮች ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዴት ይለወጣል?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም በኮምፒውተሩ ቁሳዊ አካልና ተጠቃሚው በሚሠራባቸው ፕሮግራሞች መካከል ሆኖ ዲስኩን፣ ሚሞሪውን፣ የኔትወርክ መስመሩንና የተጠቃሚውን ፈቃድ የሚያስተዳድር ዋና ሶፍትዌር ነው። አንድ ተማሪ የራሱን ኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመለወጥ ቢፈልግ ፋይሎቹን በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጦ፣ አዲሱን ሶፍትዌር ጭኖ በግማሽ ቀን ሥራውን ሊጨርስ ይችላል። ቢበላሽበትም ጉዳቱ የእርሱ ብቻ ነው። በብዙ አገሮች የተበተኑ 45,000 ኮምፒውተሮች ያሉት ኩባንያ ግን ይህንኑ ሥራ 45,000 ጊዜ በመደጋገም ብቻ ግቡን አይመታም። በፊዚክስ እንደሚታወቀው የአንዲትን ሞለኪውል እንቅስቃሴ ማወቅ የጋዝን ጠባይ ለመተንበይ አይበቃም፤ ብዛት የራሱን ሕግ ይዞ ይመጣል። በኮምፒውተሮችም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ኩባንያው ሁለት ተቃራኒ አደጋዎች እንዳሉበት፣ የጥሩ ዕቅድ ጥበብም በሁለቱ መካከል የሚያስኬድ መንገድ ማበጀት መሆኑን በምሳሌና በስሌት ለማሳየት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመዘግየት ዋጋ

«የሚሠራን ነገር ለምን እንነካካለን?» የሚለው ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። መልሱ እንዲህ ነው። በኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ የደኅንነት ክፍተት በተገኘ ቁጥር አምራቹ ክፍተቱን የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣል። ይህ አገልግሎት ግን የጊዜ ገደብ አለው። ማይክሮሶፍት በ2001 ያወጣውን ዊንዶውስ ኤክስፒን መደገፍ ያቆመው ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ነው። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 14 ቀን 2020፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ከእነዚህ ቀናት በኋላ ኮምፒውተሩ እንደ ቀድሞው ይሠራል፤ ነገር ግን አዲስ የሚገኝ ክፍተት ሳይደፈን ይቀራል። ከዚህም በላይ ለአዲሱ ሥርዓት የሚወጣው ማሻሻያ ራሱ በአሮጌው ውስጥ ተመሳሳይ ክፍተት የት እንዳለ ለአጥቂዎች ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል።

ማይክሮሶፍት መጋቢት 14 ቀን 2017 ለአንድ ከባድ ክፍተት ማሻሻያ አወጣ። ከሁለት ወር በኋላ ግንቦት 12 ቀን ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በዚሁ ክፍተት ገብቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ተሠራጨ፤ በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰረዙ። መድኃኒቱ ቀድሞ ነበረ፤ ሳይወሰድ ቀረ እንጂ።

ከዚህ የባሰው በሰኔ 27 ቀን 2017 የደረሰው ነው። ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በዩክሬን በስፋት በሚሠራበት የሒሳብ ሶፍትዌር በኩል ገብቶ የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ ሜርስክን መታ። ፕሮግራሙ የሚሠራጨው በዚያው ክፍተት ብቻ ሳይሆን ከአንዱ ኮምፒውተር የሰረቀውን የይለፍ ቃል በሌላው ላይ በመጠቀም ጭምር ስለነበር፣ ማሻሻያው የተጫነባቸው ኮምፒውተሮችም አልዳኑም። ከኩባንያው 76 የወደብ ተርሚናሎች 17ቱ ሥራቸው ተስተጓጎለ። የኩባንያው ሊቀ መንበር በኋላ እንደገለጹት 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን በ10 ቀን ውስጥ እንደገና መጫን አስፈለገ። ጉዳቱም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተገመተ።

በወቅቱ እንደተዘገበው የኩባንያውን ተጠቃሚዎች ዝርዝርና ፈቃድ የሚይዙት ወደ 150 የሚጠጉ ሰርቨሮች አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ እንዲሆኑ ታስበው ስለነበር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። ከጥፋት የተረፈው በጋና የነበረው አንድ ሰርቨር ብቻ ሲሆን፣ የተረፈውም ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት የመብራት መቋረጥ ከኔትወርኩ ለይቶት ስለነበር ነው። መብራት መጥፋቱ አንድን ዓለም አቀፍ ኩባንያ ያዳነበት አጋጣሚ ይህ ነው!

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚያስተምረው ሌላ ነው። እንደዚሁ ዘገባ ከሆነ የኩባንያው ባለሙያዎች በ2016 አሮጌ ሥርዓቶች እንዲታደሱና ኔትወርኩ እንዲከፋፈል ጠይቀው፣ ዕቅዱ ጸድቆ በጀትም ተይዞለት ነበር። ነገር ግን አፈጻጸሙ የበላይ ኃላፊዎች ሥራ ከሚመዘንባቸው መለኪያዎች ውስጥ ስላልገባ ወደ ተግባር ሳይለወጥ ቀረ። ስለዚህ የዕቅድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን እንጭን?» ሳይሆን «ሥራው በስንት ቀን ያልቃል? ባያልቅስ ተጠያቂው ማን ነው?» የሚል መሆን ይኖርበታል።

የመቸኮል ዋጋ

እንግዲያው ሁሉንም ኮምፒውተር ዛሬውኑ ማደስ ነዋ! የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሐምሌ 19 ቀን 2024 የሆነውን እንመልከት። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ አንድ አነስተኛ የማሻሻያ ፋይል ላከ። ፋይሉ ስህተት ነበረበትና የዊንዶውስን ሥራ ከሥሩ አቋረጠው። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ቢያነሳውም፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች በዚያች አጭር ጊዜ ተጎድተዋል። በረራዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ። ኮምፒውተሮቹ በትክክል መነሣት ስላልቻሉ ብዙዎቹን ባለሙያ እየዞረ አንድ በአንድ በእጁ መጠገን ነበረበት።

ይህ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ለውጥ አልነበረም፤ ባሕርዩ ግን አንድ ነው። ስህተት መኖሩ ብቻ ሳይሆን ስህተቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መድረሱ ነበር ጥፋቱን ያገዘፈው። ኩባንያውም ከዚያ በኋላ እንዲህ ያሉትን ፋይሎች በየደረጃው ለመልቀቅ ወስኗል። በየደረጃው መልቀቅ ማለት ምን ማለት ነው? ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ቆጠራ ይቀድማል።

በመጀመሪያ ቆጠራ

የማያውቁትን ማደስ አይቻልም። በመሆኑም ሥራው የሚጀመረው ሦስት ነገሮችን በመቁጠር ነው።

አንደኛው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ዊንዶውስ 11 ለምሳሌ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ይህ የሌለው ኮምፒውተር ሶፍትዌር ሳይሆን ምትክ ያስፈልገዋል፤ ይህም ግዥን፣ ጉምሩክንና የበጀት ዓመትን ወደ ዕቅዱ ያስገባል።

ሁለተኛው ፕሮግራሞቹ ናቸው። ሜርስክ በእነዚያ 10 ቀናት እንደገና የጫናቸው ፕሮግራሞች 2,500 ያህል ነበሩ። በትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ የሚያውቀው፣ የጻፈው ሰው ሥራ የለቀቀ አሮጌ ፕሮግራም አይጠፋም። ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ እንጥቀስ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ የአማርኛ ሰነዶች የላቲን ፊደላትን ቦታ በሚጠቀሙ ልዩ ፎንቶች ተጽፈዋል። ኮምፒውተሩ ታድሶ ፎንቱ ሳይጫን ቢቀር ሰነዱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ማንበብ ግን አይቻልም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚደርስበት ቆጠራ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሰዎችና የሥራ ቀናቸው ነው። የአውሮፓ ቢሮዎች ቅዳሜና እሑድ ሲያርፉ የሳዑዲ ዓረቢያ ቢሮዎች ዓርብና ቅዳሜ ያርፋሉ። የሒሳብ ክፍል በወሩ መጨረሻ፣ ወደብ ደግሞ መርከብ በቆመበት ሰዓት ሊነካ አይገባም። «ለሁሉም የሚመች ሌሊት» በዓለም አቀፍ ኩባንያ ውስጥ የለም።

ከጥቂቱ ወደ ብዙው

ቆጠራው ሲጠናቀቅ ኮምፒውተሮቹ በየደረጃው ይከፈላሉ። እንበል፦ በመጀመሪያ 50፣ ቀጥሎ 500፣ ከዚያ 5,000፣ በመጨረሻም የቀሩት። ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ ሥራው ቆሞ ውጤቱ ይመዘናል። ለመሆኑ የመጀመሪያው ደረጃ ምን ያህል ያስተምረናል?

አዲሱ ሥርዓት ከ100 ኮምፒውተሮች አንዱን የሚያበላሽ ስውር ስህተት አለበት እንበል። አንድ ኮምፒውተር ደኅና የመሆን ዕድሉ 0.99 ነው። 50ዎቹ ሁሉ ደኅና የመሆናቸውን ዕድል ለማግኘት 0.99ን ለ50 ጊዜ እርስ በርሱ ብናባዛው 0.605 ያህል እናገኛለን። በሌላ አባባል 50 ኮምፒውተሮች ያለ ችግር ቢያልፉም ስህተቱ ሳይታይ የመቅረት ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነው። በ45,000 ኮምፒውተሮች ላይ ግን ይኸው ስህተት 450 ሠራተኞችን ሥራ ያስፈታል። ሙከራውን በ300 ኮምፒውተሮች ብናደርገው ስህተቱ የማይታይበት ዕድል ወደ 0.05 ይወርዳል።

ከዚህ «የሦስት ሕግ» በመባል የሚታወቅ ጠቃሚ ግምት ይገኛል። ከተሞከሩት ውስጥ አንድም ካልተበላሸ፣ 3ን በተሞከሩት ብዛት ስናካፍል የምናገኘው ቁጥር የብልሽቱ መጠን ከዚያ እንደማይበልጥ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ይነግረናል። ለ300 ሙከራ ይህ 1 በመቶ ነው። «ሞክረነዋል፤ ይሠራል» የሚለው አባባል ስንት ላይ እንደተሞከረ ካልተገለጸ ሳይንሳዊ ዋጋ የለውም።

ስሌቱ የሚሠራው ግን ናሙናው ሁሉን የሚወክል ሲሆን ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ሠራተኞች ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ አዲስና ተመሳሳይ ናቸው፤ 300ውም ከእነርሱ ቢመረጡ ስለ ወደቡ አሮጌ ማሽን የሚነግሩን ነገር የለም። ስለሆነም በናሙናው ውስጥ ከየሞዴሉ፣ ከየክፍሉ፣ ከየቋንቋውና ደካማ መስመር ካላቸው ቢሮዎች ጭምር መግባት ይኖርበታል። የምንጠብቅበት ጊዜም የራሱ ምክንያት አለው፤ በወሩ መዝጊያ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ስህተቱን በሁለተኛው ቀን አያሳይም።

የመስመርና የሰው ኃይል ስሌት

አንድ ቅርንጫፍ ቢሮ 100 ኮምፒውተሮችና በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር አለው እንበል። የአዲሱ ሥርዓት መጠን 4 ጊጋባይት ማለትም 32 ጊጋቢት ቢሆን፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለየብቻው ከማዕከል ሲቀዳ 3,200 ጊጋቢት በመስመሩ ማለፍ አለበት። ይህም 320,000 ሰከንድ ወይም ወደ 89 ሰዓት ይወስዳል፤ በእነዚህ አራት ቀናት ገደማ ቢሮው ሌላ ሥራ መሥራት አይችልም። አንድ ቅጂ ብቻ መጥቶ የቀሩት እዚያው ቢሮ ውስጥ እርስ በርስ ቢቀባበሉት ግን መስመሩ የሚያዘው ለ3,200 ሰከንድ፣ ማለትም ለ53 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ የገንዘብ ሳይሆን የአሠራር ነው።

የሥራውን ፍጥነት ከመስመር ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወስነው የሰው ኃይል ነው። በቀን 1,000 ኮምፒውተሮች ቢታደሱና ከተጠቃሚዎቹ 5 በመቶው እርዳታ ቢጠይቁ፣ ለእያንዳንዱም ግማሽ ሰዓት ቢያስፈልግ 25 የሥራ ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ለአራት ባለሙያዎች የአንድ ቀን ሥራ ነው። በዚህ ፍጥነት 45,000ው በ45 የሥራ ቀናት ያልቃል። አለቃው በዘጠኝ ቀን ይለቅ ቢል በቀን የሚፈለጉት ባለሙያዎች ወደ 20 ይደርሳሉ። እነርሱ ሳይኖሩ ፍጥነቱን መጨመር ወረፋውን ማስረዘም ብቻ ነው።

የመመለሻው መንገድ

ከእያንዳንዱ ደረጃ በፊት ሁለት ነገሮች በጽሑፍ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። የመጀመሪያው ሥራው የሚቆምበት ልክ ነው፤ ለምሳሌ «ከ100 ኮምፒውተሮች ሁለት ከተበላሹ እንቆማለን» የሚል። ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ በጥድፊያ ሰዓት እያንዳንዱ ብልሽት «ልዩ አጋጣሚ» እየተባለ ይታለፋል። ሁለተኛው ወደ ነበረበት መመለሻው ነው። መጠባበቂያ ቅጂ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከቅጂው በእርግጥ መመለስ መቻሉ መሞከር፣ ቢያንስ አንዱ ቅጂም ከኔትወርኩ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። በጋና መብራት በመጥፋቱ በዕድል የተገኘውን በዕቅድ ማግኘት ይቻላልና።

በመጨረሻም የማይታደሱ ማሽኖች መኖራቸው አይቀርም፤ አምራቹ የጠፋ የላቦራቶሪ መሣሪያ ወይም የወደብ ክሬን ከአሮጌ ሥርዓት ጋር ተጣምሮ ሊቀር ይችላል። እነዚህ በስም ተመዝግበው፣ ኃላፊ ተመድቦላቸው ከቀረው ኔትወርክ መለየት አለባቸው።

ለአንባቢያን የቀረበ ጥያቄ

አንድ ባንክ 12,000 ኮምፒውተሮች አሉት። ከ200 ኮምፒውተሮች አንዱን የሚያበላሽ ስህተት ቢኖር በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማየት ስንት ኮምፒውተሮች ላይ መሞከር አለበት? ሳይሞክር ሁሉንም በአንድ ሌሊት ቢያድስስ በማግስቱ ጠዋት ስንት ሠራተኞች ሥራ ይፈታሉ? መልሱ በቅደም ተከተል 600 እና 60 ነው። ስሌቱን ራሳችሁ ሠርታችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያም 60ዎቹ ሁሉ በአንድ ቅርንጫፍ ቢገኙ ዕቅዱ እንዴት መለወጥ እንዳለበት ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።