ኔትወርኩ አለ፣ ድረ ገጹ ግን አይከፈትም

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ላይ ሕዝቡ አምባውን ሲሞላው፣ ስልክ አልሠራ ያለው ሁሉ የሚያማው ኔትወርኩን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሐሜቱ ልክ ነው። አንድ ታወር ያለውን አቅም ለተገናኘው ስልክ ሁሉ ስለሚያካፍል፣ ሰው በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል። አንዳንዴ ግን ቴሌግራሙ ይገባል፣ ዩቲዩቡም ይከፈታል፤ እምቢ የሚለው አንድ ድረ ገጽ ብቻ ነው። አጠገብዎ ያለው ሰው ደግሞ በዚያው ኔትወርክ ያለችግር ያየዋል። ያኔ ታወሩን ትተው የራስዎን መሣሪያ ይጠርጥሩ።

ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነው። እኛ የምንጽፈውን ስም ወደ ቁጥር የሚመነዝረው ዲኤንኤስ የተባለው ሥርዓት ሲሆን፣ በ1983 እ.ኤ.አ. የነደፈው አሜሪካዊው ፖል ሞካፔትሪስ ነው። ለእያንዳንዱ ስም ሁልጊዜ ሩቅ ያለ ሰርቨር መጠየቅ ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ዊንዶውስም ሆነ አንድሮይድ ያገኘውን መልስ ለጊዜው ይይዘዋል። ይህ ማስታወሻ ካሽ ይባላል።

ችግሩ የሚመጣው አድራሻው ሲቀየር ነው። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ የአገራችን ስልክ ቁጥሮች ወደ 10 አሃዝ ሲያድጉ፣ ደብተሩን ያላደሰ ሰው ደሴ ያለ ዘመዱን በድሮው ቁጥር ቢደውልለት አያገኘውም ነበር። ዘመዱ ከቤቱ አልወጣም፣ ስልኩም አልተበላሸም፤ ያረጀው ደብተሩ ነው።

ካሽ ከደብተር የሚሻለው ዕድሜ ስላለው ነው። እያንዳንዱ መልስ ስንት ሰከንድ መቆየት እንደሚችል ተጽፎበት ይመጣል፤ 300 ከሆነ 5 ደቂቃ፣ 3600 ከሆነ 1 ሰዓት፣ 86400 ከሆነ ሙሉ ቀን ማለት ነው። ዕድሜው እስኪያልቅ መሣሪያው ወደ ድሮው ሰርቨር ሊሄድ ይችላል። «እንዲህ የሚባል ስም የለም» የሚለው መልስም ለጊዜው ይያዛል። ስለዚህ አዲስ ድረ ገጽን ሳይመዘገብ የሞከረ ሰው፣ ከተመዘገበም በኋላ ትንሽ ሊያጣው ይችላል።

በላፕቶፕ ላይ ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ይክፈቱና የድረ ገጹን ስም በ«ፒንግ» ይጠይቁ፤ የሚያሳይዎት መሣሪያው የያዘውን ቁጥር ነው። ቀጥሎ በ«ኤንኤስሉካፕ» ይጠይቁ፤ ይህኛው የመሣሪያውን ካሽ አልፎ ሰርቨሩን በቀጥታ ይጠይቃል። ሁለቱ ከተለያዩ ካሹ ሳያረጅ አልቀረም። ብቻ ትልልቅ ድረ ገጾች ብዙ አድራሻ ስላላቸው፣ የቁጥሩ መለያየት ለብቻው ማስረጃ አይሆንም።

ማጽዳቱን ከቅርቡ ይጀምሩ። አሳሹን፣ ለምሳሌ ክሮምን፣ ሙሉ በሙሉ ዘግተው ይክፈቱት፤ የራሱ ካሽ አለውና። ካልሆነ ዊንዶውስ ላይ «አይፒኮንፊግ /ፍለሽዲኤንኤስ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። ስልክ ላይ ኤርፕሌን ሞድ አብርተው ያጥፉ፤ እሱም ካልረዳ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት። አሁንም እምቢ ካለ «ሆስትስ» የተባለውን ፋይል ይመልከቱ፤ እዚያ በእጅ የተጻፈ አድራሻ ዕድሜ ስለሌለው ካሽ ቢጸዳም አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ይቀይሩ። በዳታ ከተከፈተ፣ ያረጀውን መልስ የያዘው የዋይፋዩ ራውተር ወይም የአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ሊሆን ይችላል። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት በእርስዎ እጅ ነው፤ የአገልግሎት ሰጪውን ሰርቨር ግን ራስዎ ማጽዳት ስለማይችሉ፣ የመልሱ ዕድሜ እስኪያልቅ ይጠብቁ ወይም መሣሪያዎ ሌላ የዲኤንኤስ ሰርቨር እንዲጠይቅ ያድርጉ።

ጥበቃውን ማሳጠር የሚችለው የድረ ገጹ ባለቤት ነው። ሰርቨር ሊቀይር ያሰበ ሰው ዕድሜውን ከ86400 ወደ 300 ዝቅ ማድረግ ያለበት ከአንድ ቀን በላይ አስቀድሞ ነው፤ በዕለቱ ቢያወርደው የቀድሞውን መልስ የያዙት መሣሪያዎች አይሰሙትም። የድሮውን ሰርቨር ደግሞ ጥቂት ቀን ሳያጠፋ ቢያቆየው፣ ባረጀ አድራሻ የመጣውም እንግዳ በሩ ተዘግቶ አያገኘውም።