«ጣሉት» የተባለው የልጅ ሞተር

በሰው አገር ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «ጣለውና ሌላ ግዛ» የሚል ነው። ምክሩ ሁልጊዜ ከንቱ ነው አልልም። የሠራተኛው የሰዓት ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ሲበልጥ ሒሳቡ እንዲያ ነው የሚሆነው። ሌሊት ታክሲ እየነዳ ካጠራቀማት ላይ ቆንጥሮ ለልጁ አንድ ነገር የገዛ አባት ግን ሒሳቡን እንደዚያ አያየውም። እኔም አላየሁትም።

ዕቃው እዚህ ኮሎራዶ ልጆች ሜዳ ላይ የሚነዱት ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ «ኤቲቪ» የሚሉት ነው። ባለ 110 ሲሲ፣ ቻይና ሠራሽ፣ ከሰው እጅ በ350 ዶላር የተገዛ። ሻጩ ገንዘቡን ከቆጠረ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ወዳጄ አንድ ጋራዥ ቢወስደው «የማስነሻው ፍሪሲዮን ተጣብቋል፤ 480 ዶላር ያስወጣል፤ ባትደክምበት ይሻልሃል» ብለው መለሱት። የ12 ዓመት ልጁ ይህን ሁሉ ቆሞ ሲሰማ አንዲት ቃል አልተናገረም። አባትየው ለእኔ ሲደውል ያነሳው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለዚህ ዝምታ ነበር። «ጋሼ፣ አንተ እንኳ አንድ ጊዜ እየው» አለኝ። እኔ ከስደት በፊት ሶማሌ ተራ አካባቢ ስድስት ዓመት በመካኒክነት ስለሠራሁ፣ በሰፈራችን ማንኛውም የሚያንኳኳ ነገር ወደ እኔ ይመጣል።

ሞተሩን አስነሳነው። ተነሣ፤ ነገር ግን ከሥሩ እንደ ሳይረን የሚጮኽ ድምፅ ወጣ። ነዳጅ ሲሰጡት ጩኸቱ አብሮ ይጨምራል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ሽታ መጣ። «አጥፋው!» ብዬ ልጁ ከኋላ ያለችውን ቀይ ገመድ ሳባት። ይህች ገመድ ወላጅ ልጁን እየተከተለ በአደጋ ጊዜ ሞተሩን በአንድ ጉተታ እንዲያጠፋ የተሠራች ናት። ሞተሩ አልጠፋም። በቁልፍ አጠፋነው። ከመቀመጫው ሥር ብናይ የገመዷ ሽቦ በመቀስ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ቀድሞ የያዘው ሰው ገመዷ እየተነቀለች ብታስቸግረው ገላገላት መሰለኝ። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ያ ሽቦ የሚሠራው እሳቱን ወደ ቦዲ አውርዶ በማቋረጥ ነው፤ ሲቆረጥ ማጥፊያው ይሞታል፣ ሞተሩ ግን መሥራቱን ይቀጥላል። ለእኔ ከፍሪሲዮኑ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት ሽቦውን በየደኝ፤ ገመዷ ሦስት ጊዜ ተስባ ሦስቴም ሞተሩን ካጠፋች በኋላ ወደ ጩኸቱ ተመለስን።

አሁን ስለ ፍሪሲዮኑ ላስረዳ። ጎማውን የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ዋናው ፍሪሲዮን አይደለም። ብስክሌት የነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ፔዳሉን ወደ ፊት ስትረግጠው የኋላውን ጎማ ይይዛል፣ እግርህን ስታሳርፍ ጎማው ብቻውን ይሄዳል። የማስነሻው ፍሪሲዮንም እንዲሁ ነው። ሞተሪኖው በካቴና አንድ ጥርስ ያለው ክብ ያዞራል። የዚህ ክብ እምብርት ቮላኖው ጀርባ ላይ በታሰረ ቤት ውስጥ ይገባል። በቤቱ ውስጥ ሦስት አጫጭር የብረት ዘንጎች፣ «ሮለር» የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው በአንድ በኩል ሰፊ በሌላው በኩል ጠባብ በሆነ ጎድጓዳ ውስጥ ተኝተዋል፤ ትንንሽ ስፕሪንግም ወደ ጠባቡ ይገፋቸዋል። ሞተሪኖው ሲያዞር ሮለሮቹ ጠባቡ ውስጥ ይሰነቀሩና ሁሉም እንደ አንድ ብረት ይዞራል። ሞተሩ ተነሥቶ ቮላኖው ሲቀድም ሮለሮቹ ወደ ሰፊው ያፈገፍጋሉ፤ ሞተሪኖውም ያርፋል።

ሲጣበቅ ግን ማፈግፈግ የለም። ሞተሩ መልሶ ሞተሪኖውን ያዞረዋል፤ ያውም ትንሹ ጥርስ ሞተሪኖው ላይ ስለሆነ ከራሱ ፍጥነት በብዙ እጥፍ። ሞተሪኖ ለጥቂት ሰኮንድ ሥራ የተፈጠረ ነው። በዚያ ዓይነት ፍጥነት ካርቦኑ ያልቃል፣ ጥቅልሉ ይቃጠላል፣ አለዚያም ካቴናው ይበጠሳል። የተገላቢጦሹ በሽታም አለ፦ ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ያኔ ሮለሩ ተበልቷል ወይም ስፕሪንጉ ተሰብሯል ማለት ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ሞተሪኖ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥራ ጀመርን። ባትሪው ተፈታ፣ ዘይቱ ተቀዳ። የወጣው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስል ነበር። ውኃ ገብቶበታል። ክረምቱን በረዶ ላይ ሲያድር ከርሟል፤ በግፊት ውኃም ሳይታጠብ አልቀረም። የግራው ክዳን ብሎኖች ርዝመታቸው ይለያያልና ካርቶን ላይ የክዳኑን ሥዕል አስሥዬ እያንዳንዱን በየቦታው ልጁ እንዲሰካ አደረግሁ። ካንዴላውን ነቅለን ቮላኖውን በእጅ ወደሚዞርበት አቅጣጫ አዞርነው። ካቴናው ባለበት መቆም ነበረበት፤ አብሮ ሄደ። ምርመራው አለቀ።

ቮላኖውን ለማውጣት መዶሻ ማንሳት የብዙ ሰው ፈተና ነው። በመዶሻ ማግኔቱ ይሰነጠቃል፣ የሞተሩ ዘንግም ሊጣመም ይችላል። ጥርሱ የሚገጥም መንቀያ በ14 ዶላር ይገኛል፤ ዲያሜትሩን ለክቶ ማዘዝ ነው። ቮላኖው ሲወጣ ዘንጉ ላይ ያለችውን የግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ያላት ቁልፍ ብረት አደራ እንዳትጠፋ፤ የእሳቱን ሰዓት የምትጠብቀው እሷ ናት።

ውስጡ ዝገት ነበር። አንዱ ስፕሪንግ ተሰብሮ ቁራጩ ከሮለሩ ሥር ተሰንቅሯል። ማላቀቂያ ዘይት ነፍተን ሳምንቱን ሙሉ አሳደርነው፤ በሁለተኛው እሑድ ክቡን በሚለቅበት አቅጣጫ ቀስ እያልኩ ወዲያ ወዲህ ሳደርገው ተላቀቀ። እምብርቱ ላይ የነበረው ዝገት ከላይ ብቻ ስለነበር በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠራ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ቢኖረው ኖሮ አይመለስም ነበር። ሮለሮቹንና ስፕሪንጎቹን ሦስቱንም በአንድ ላይ ቀየርን። ሁለት አሮጌ ከአንድ አዲስ ጋር መግጠም ሸክሙን ለአንዱ ብቻ መስጠት ነው። ቤቱን ከቮላኖው ጋር የሚያስሩትን ሦስት ብሎኖች በብሎን ማጣበቂያ አሰርኩ፤ ከነዚህ አንዱ በመንገድ ቢፈታ ውስጡን ሁሉ ይፈጨዋል። ሮለሮቹን ቀጭን ዘይት ብቻ ቀባኋቸው። ግራሶ መቀባት የሚወዱ አሉ፤ በዴንቨር ብርድ ግራሶው ይረጋና ሮለሩ መያዝ ያቅተዋል።

ልጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ ብዙም አይናገርም። በሁለት እሑድ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ካቴና፣ ሞተሪኖ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ አማርኛ ነው?» ሲለኝ «አማርኛ ነው፤ አያቱ ግን ጣሊያን ነው» አልኩት። አባትየው ከሳቁ ብዛት ፋኖሱን ሊጥለው ነበር። ይህ ሞተር ራሱስ ቢሆን? ቻይና ይሠራው እንጂ ሲሊንደሩን ወደ ፊት ያስተኛው አቀማመጥ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ካወጣው ሱፐር ከብ የተወረሰ ነው፤ ያ ሞተር ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ2017 መቶ ሚሊዮን የተሠራለት ነው።

ሞተሪኖውን ከፍቼ የካርቦን አመዱን አጸዳሁለት፤ ተርፏል። ዘይቱ የሞተር ብስክሌት መሆን አለበት። ለመኪና ከሚሸጠው ውስጥ ነዳጅ ቆጣቢ የተባለው ዋናውን ፍሪሲዮን ሊያንሸራትተው ይችላል፤ ፍሪሲዮኑ እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ። ጠቅላላ ወጪ፦ ሮለርና ስፕሪንግ 19፣ የክዳኑ ማሸጊያ 7፣ ዘይት 9፣ መንቀያ 14፤ በድምሩ 49 ዶላር።

ሞተሩ ሲነሣ ጩኸቱ የለም። ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት ግን ከአባትየው ጋር ትንሽ ተከራከርን። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ፈጽሞ እንዳይወጣ ይመክራል። አምራቾቹ ደግሞ በዕድሜ ከፍለው ይሸጣሉ፤ ከ10 ዓመት በላይ የተባለው ክፍል በመገደቢያው ብሎን ሲታሰር በሰዓት 15 ማይል፣ ሲፈታ 30 ማይል ነው ጣሪያው። እኔ የሐኪሞቹን ነገርኩት። እሱ «ቃል ገብቼለታለሁ» አለኝ። አባት ለልጁ የገባውን ቃል እኔ ላፈርስ አልችልም። ብሎኑን ግን እስከ መጨረሻው አስሬ አሳየሁት፤ ሔልሜት ሳይኖር፣ ገመዷ በእሱ እጅ ሳትሆን፣ አስፋልት ላይና ሁለት ሰው ሆኖ እንደማይነዳ ተስማማን። ልጁም ሰምቷል።

ከአምስት ሰዓት ያህል ንዳት በኋላ ዘይቱን ደግሜ ቀዳሁት፤ የቀረ ውኃና የዝገት ትቢያ ካለ እንዲወጣ። ትንሽ ጠቆር ብሎ ነበር እንጂ የወተቱ መልክ አልነበረም።