ካሴፌቱን የሚከፍተው ማን ነው?

በጎንደር ገጠር ለኖርን ሰዎች በቤት ውስጥ ጠመንጃ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ምንሽሩ ወይም ውጅግራው ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ፣ እንግዳ ገብቶ ቀና ሲል በሚያየው ቦታ ይሰቀላል። የባለቤቱ ክብር ነውና አይደበቅም። ጠመንጃው ረጅምና ከባድ ነው፤ ጥይቱም በውድ ስለሚገዛ ተቆጥሮ በዝናር ይቀመጣል። ትንሽ ልጅ አውርዶ ላቀባብል ቢል እንኳ አቅሙ አይፈቅድለትም። እዚህ አገር ወደ ቤታችን የሚገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽጉጥ ነው። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ብዙ አይርቅም፤ መሳቢያ ይበቃዋል፤ የሰባት ዓመት ልጅም በሁለት እጁ ይይዘዋል።

«እኛ ገና አዲስ ገቢዎች ነን፤ ሽጉጥ ከየት አምጥተን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እርግጥ ነው፣ አዲስ ገቢ እንደመጣ የመሣሪያ ፈቃድ አያገኝም። ነገር ግን በሬሆቮት፣ በተለይም ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በቂርያት ሞሼ፣ ቀድሞ በመጣ ወንድም ወይም አጎት ቤት የሚያርፉ ቤተሰቦች አሉ። አጎትየው የጥበቃ ሥራ፣ ማለትም ሽሚራ ላይ ሊሆን ይችላል። የአክስት ልጅ ደግሞ ወታደር ሆኖ ለሰንበት ይመጣ ይሆናል። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጥቃት በኋላም መንግሥት የፈቃዱን መመዘኛ ስላሰፋ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በጣም በዝተዋል። መሣሪያው የእናንተ ባይሆንም ልጆቻችሁ የሚተኙት እሱ ባለበት ቤት ነው።

ፈቃዱ የሚሰጠው ለአንድ ሰው እንጂ ለቤተሰብ አይደለም። ባል ፈቃድ አለው ተብሎ ሚስት ወይም ልጅ መሣሪያውን መያዝ አይችሉም። በ2013 የውስጥ ጸጥታ ሚኒስትር የነበሩት ይስሐቅ አሃሮኖቪች ደንቡን ሲያጠብቁ፣ የግል መሣሪያ ያለው ሰው በቤቱ በካዝና እንዲያስቀምጥ፣ ጠባቂዎችም ሥራ ሲጨርሱ መሣሪያውን በሥራ ቦታቸው እንዲተዉ ታዘዘ። የጠባቂዎቹ ትእዛዝ በ2014 መጨረሻ ላላ። ቢሆንም ጠባቂ የሆናችሁ፣ መሣሪያውን እዚያው መተው ይቻል እንደሆነ አሠሪያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቤት ያልገባ ሽጉጥ ከየትኛውም ካዝና ይሻላል።

በአማርኛ ካዝና ስንል የጥይት መያዣውም ካዝና ስለሚባል፣ እንዳይደባለቅብን የብረቱን ሣጥን በዕብራይስጥ ስሙ ካሴፌት እንበለው። ካሴፌት ስትገዙ መጀመሪያ ጀርባውንና ታችኛውን ወገን እዩ። የብሎን ቀዳዳ ከሌለው ተዉት። አሥር ኪሎ የሚመዝን ሣጥን ካልታሰረ ሌባው መስበር አያስፈልገውም፤ እንደ ሻንጣ ይዞት ይሄዳል። የሚታሰረው ከውስጥ በኩል፣ ጃምቦ በሚባለው ወፍራም ብሎን፣ ከኮንክሪት ግድግዳ ጋር ነው። ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጊብስ ነውና አይዝም። በኪራይ ቤት ያለ ሰው ከመብሳቱ በፊት የቤቱን ባለቤት ይጠይቅ። የመኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጠኛው ጥግ ጥሩ ቦታ ነው። ማማድ ግን፣ ሳይረን ሲጮህ ልጅ አዋቂው ተጨናንቆ የሚገባበት ክፍል ስለሆነ፣ አይመረጥም።

ሽጉጡ ሲገባ የጥይቱ ካዝና ከላዩ ይውጣ፤ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩም በዓይን ይታይ።

እኔን በሥራዬ ከብረቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ነው። በብዙ ቤታችን ዕብራይስጥ የሚያነብልን ልጃችን ነው። የባንኩን ደብዳቤ፣ የኩፓት ሆሊሙን ወረቀት፣ የልብስ ማጠቢያውን መመሪያ ሁሉ እሱ ይተረጉማል። ካሴፌትም ተገዝቶ ሲመጣ አባት መመሪያውን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ይሰጠዋል፤ ልጁም አንብቦ የመክፈቻውን ቁጥር ያስገባል። በዚያ ደቂቃ ካሴፌቱ የልጁ ሆነ። ይህን አንዱን ወረቀት ልጅ አያንብብላችሁ። ሻጩ እዚያው ሱቅ ውስጥ በእጁ እያሳየ እንዲያስተምራችሁ ጠይቁ፤ ምንም ነውር የለውም። ከዚያ ቤት ገብታችሁ፣ በር ዘግታችሁ፣ ፋብሪካው የሰጠውን ቁጥር ለብቻችሁ ቀይሩት። የልደት ቀን አይሁን። ብዙዎቻችን መታወቂያ ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ስለተጻፈልን ይህን ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል! ባትሪው ሲያልቅ የሚከፍተው ትርፍ ቁልፍም ከካሴፌቱ አናት ላይ አይቀመጥ።

ካሴፌት የማያግደው አንድ ሰው አለ፤ እሱም ቁጥሩን የሚያውቀው ነው። የእስራኤል ሠራዊት በ2006 ወታደሮች ለሰንበት ሲወጡ መሣሪያቸውን በጦር ሰፈር እንዲተዉ የሚያደርግ አሠራር አመጣ። በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ራሳቸውን የሚያጠፉ ወጣት ወታደሮች ቁጥር በ40 ከመቶ ቀነሰ። የቀነሰው በተለይ በሳምንቱ መጨረሻ ሲሆን፣ በሌሎቹ ቀናት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ዓርብ መሣሪያውን ያጣ ልጅ እሑድ እስኪደርስ አልጠበቀም ማለት ነው። ክፉው ሰዓት አለፈለት።

ስለዚህ በቤቱ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የራቀ፣ «ምነው በሞትኩ» ማለት ያበዛ ሰው ካለ፣ ወይም ባልና ሚስት ተጣልተው ዛቻ ከተጀመረ፣ መሣሪያው ከቤት ይውጣ። ለጎረቤት ወይም ለዘመድ አደራ መስጠት ግን አይቻልም፤ ፈቃድ የሌለው ተቀባይ ራሱ ወንጀለኛ ይሆናል። ባለፈቃዱ ለፖሊስ ጣቢያ ያስረክበው። እናቶች፣ ባለቤታችሁ እምቢ ካለና ከፈራችሁ፣ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አትጠብቁ። ፖሊስ 100 ነው፤ የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር የስልክ መስመር 118 ነው። የተጨነቀ ሰው ራሱ ወደ ኤራን፣ 1201፣ በማንኛውም ሰዓት መደወል ይችላል።