ጋጋ፦ ከሕፃን አፍ ወጥታ ዓለምን የዞረች ቃል

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ አበው። ልጅ የጀመረው ነገር ከቁም ነገር አይደርስም ማለታቸው ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናቀርብላችሁ ታሪክ ግን ይህን ተረት ፊት ለፊት የሚሞግት ሆኖ አግኝተነዋል። አንድ ትንሽ ልጅ ራዲዮ ሰምቶ እንደ ቀልድ የወረወራትን ቃል አባቱ አነሣት። ቃሏ ዘፈን ሆነች። ዘፈኑ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ በረሃብ ለተጎዱ ወገኖቻችን ርዳታ በተሰበሰበበት መድረክ ላይ ተሰማ። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ቃሏ የአንዲት ወጣት ሴት መጠሪያ ሆና ዓለምን ዞረች። ይህች ቃል «ጋጋ» ናት።

ከ«አጉ» እስከ «ጋጋ»

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ቃሏ ከየት እንደምትመጣ ማየቱ ይጠቅማል። ሕፃን በሁለትና በሦስት ወሩ በጀርባው ተንጋሎ ሳለ የእናቱ ፊት ብቅ ሲልለት ከጉሮሮው አንድ ድምፅ ያወጣል። እናትም «አጉ በል የኔ ጌታ፤ አጉ በይ የኔ እመቤት» እያለች መልሳ ታጫውተዋለች። ይህ «አጉ» እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የተንጋለለ ሕፃን ምላሱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የላንቃውን የኋለኛ ክፍል በቀላሉ ይነካል፤ በዚህም ምክንያት ከ«ገ» እና ከ«ከ» ጋር የሚቀራረቡ ድምፆች ቀድመው ይሰማሉ።

ከስድስት እስከ አሥር ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ሕፃኑ አንዱን ድምፅ ደጋግሞ ማውጣት ይጀምራል። «ባባ»፣ «ማማ»፣ «ዳዳ»፣ «ጋጋ» ይላል። ለእርሱ ጨዋታ ነው። ትርጉም የምትሰጠው እናት ናት። «ማማ» ሲል «ጠራኝ!» ትላለች፤ «ባባ» ሲል አባትየው ደረቱን ይነፋል። ዝምድና በሌላቸው ብዙ ቋንቋዎች ውስጥ የእናትና የአባት መጠሪያ የሚመሳሰለው ከዚህ የተነሣ እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ።

በእኛም ቤት ቢሆን ከሕፃን አንደበት የተወሰዱ የሚመስሉ ስሞች ሞልተዋል። ሚሚ፣ ኪኪ፣ ቡቡ የማትባል ልጅ ያለችበትን ሠፈር ማግኘት ያስቸግራል። ጠጉሩ ገብስማ ሆኖ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሳለ እናቱ ዘንድ ሲደርስ «ማሙሽ» የሚባል ሰው ስንት አለ? የጨዋታ ስም አንዴ ከተጣበቀ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ግን «ጋጋ» ሌላም ትርጉም አላት። አእምሮው በእርጅና የደከመን ሰው «ጋጋ ሆኗል» ይሉታል። በፍቅር ወይም በአድናቆት ልቡ የጠፋንም ሰው እንግሊዞች በዚሁ ቃል ይጠሩታል። እንግዲህ ቃሏ ከአንቀልባ እስከ ምርኩዝ የምትደርስ፣ ፍቅርንም ፌዝንም ያዘለች ናት ማለት ነው።

ልጅ ተናገረ፤ አባት ሰማ

ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን አራት አባላት ነበሩት። ከእነርሱም ድምፃዊው ፍሬዲ መርኩሪ እ.ኤ.አ. በ1946 በአፍሪቃ ምድር በዛንዚባር የተወለደ ነው። የከበሮ መቺው ስም ሮጀር ቴይለር ይባላል። ታሪካችን የሚጀምረው ከእርሱ ቤት ነው።

ሮጀር ቴይለር ራሱ እንደተናገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቀን ራዲዮ ተከፍቶ ሳለ ትንሹ ልጁ የሚሰማው ነገር ሳይጥመው ቀረና «ራዲዮ ካካ» አለ። የልጁ እናት ፈረንሳዊት ስለሆነች ልጁ በእናቱ ቋንቋ መናገሩ ነበር። «ካካ» ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊት እናት አስተርጓሚ አያሻትም፤ የሽንት ጨርቅ የለወጠች ሁሉ ታውቀዋለች።

ብዙ አባት ቢሆን «ነውር ነው!» ብሎ ልጁን ይገሥጽ ነበር፤ ወይም ሥቆ ያልፈው ነበር። ሮጀር ቴይለር ግን ቃሉን ያዘው። ያን ጊዜ በራዲዮ የሚቀርበው ነገር የማይጥም የሆነበት ልጁን ብቻ አልነበረም፤ አባትየውም በልቡ ያሰበው ኖሯል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1981 ኤም ቲ ቪ የተባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ከተከፈተ ወዲህ ዘፈን በጆሮ የሚሰማ መሆኑ ቀርቶ በዓይን የሚታይ እየሆነ ሄዶ ነበር። ሮጀር በልጅነቱ ማታ ማታ ብቻውን ያዳምጠው የነበረውን ራዲዮ አስታውሶ፣ ጊዜ የጣለውን ወዳጅ እንደሚያጽናና ሰው አንድ ዘፈን ደረሰ። «ካካ» የምትለዋም ቃል ለጆሮ እንዳትከብድ በ«ጋጋ» ተተካች። ዘፈኑ «ራዲዮ ጋጋ» ተብሎ በጥር ወር እ.ኤ.አ. 1984 ወጣ፤ በእንግሊዝ አገርም የሁለተኛ ደረጃን አገኘ።

የሚያስገርመው ነገር ቴሌቪዥንን የሚያማው ይህ ዘፈን ራሱ በቴሌቪዥን ፊልሙ መታወቁ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1927 ከተሠራው «ሜትሮፖሊስ» ከተባለው የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ላይ የተወሰዱ ትርዒቶችን ይዟል። በውስጡም የሠራተኛ ልብስ የለበሱ ብዙ ሰዎች እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው በአንድነት ሲያጨበጭቡ ይታያሉ። ይህ ጭብጨባ ኋላ ምን እንዳደረገ ቀጥለን እንመለከታለን።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ለብዙዎቻችሁ ታሪክ ሳይሆን ትዝታ ነው። እኛ ከዚያ በኋላ የተወለድን ደግሞ ከእናቶቻችን አፍ ሰምተነዋል። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር የእንግሊዙ ቢ ቢ ሲ ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው የፊልም አንሺ ሞሐመድ አሚን በኮረም የተሰበሰበውን ሕዝብ መከራ ለዓለም አሳዩ። ይህን ያየው ሙዚቀኛ ቦብ ጌልዶፍ ባልደረቦቹን አስተባብሮ በመጀመሪያ አንድ ዘፈን አወጣ፤ ቀጥሎም ሐምሌ 6 ቀን «ላይቭ ኤይድ» የተባለውን ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት በለንደን ዌምብሌይ ስታዲዮምና በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ በአንድ ቀን አዘጋጀ። ዝግጅቱም በሳተላይት አማካይነት በብዙ አገሮች ታየ።

ኩዊን የተሰጠው ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ሁለተኛ ሆኖ የቀረበው «ራዲዮ ጋጋ» ነው። ፍሬዲ መርኩሪ ዘፈኑን ባነሣ ጊዜ በስታዲዮሙ የነበረው ወደ 72 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ያዘዘው ሳይኖር በፊልሙ ያየውን ጭብጨባ እጁን አንሥቶ በአንድነት አጨበጨበ። ሙዚቃ አዋቂዎች እስከ ዛሬ ያንን ሰዓት ከሮክ ሙዚቃ ታላላቅ የመድረክ ሰዓቶች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል።

እናቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። በረሃብ የተጎዳ ሕፃን በጣም ሲደክም ማልቀሱን እንኳ ይተዋል፤ «አጉ» ቢሉት አይመልስም፤ ዓይኑ ብቻ ይንከራተታል። በመጠለያ ጣቢያዎች ያገለገሉ ሁሉ ከልቅሶው ይልቅ የሕፃናቱ ዝምታ ያስደነግጣቸው እንደነበር መገመት አያስቸግርም። በዌምብሌይ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ይለው የነበረው «ጋጋ» ጠግቦ ከሚጫወት ልጅ አፍ የወጣ ቃል ነው። የአንዱ ልጅ ጨዋታ፣ አንደበታቸው በረሃብ የተዘጋ ልጆች ርዳታ እንዲያገኙ በተጠራ ሸንጎ ላይ ተሰማ። ተረቱን ያስተባበለው ይህ ነው፤ ልጅ ያቦካው ለሌላ ልጅ ራት የሚሆን ነገር ተገኘበት።

እመቤት ጋጋ

ከላይቭ ኤይድ ስምንት ወር ገደማ በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.፣ ስቴፋኒ ጀርማኖታ የምትባል ልጅ በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። ቤተሰቧ ከጣሊያን የመጡ አሜሪካውያን ናቸው። በአራት ዓመቷ ፒያኖ ጀመረች፤ በወጣትነቷም በከተማው ትናንሽ መሸታ ቤቶች እየዘፈነች ቆየች።

እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ አብሯት ይሠራ የነበረው የሙዚቃ አዘጋጅ ሮብ ፉሳሪ አዘፋፈኗ ፍሬዲ መርኩሪን ስላስታወሰው ወደ ስቱዲዮ በገባች ቁጥር «ራዲዮ ጋጋ»ን ያንጎራጉርላት እንደነበር ተናግሯል። እንደ እርሱ አባባል፣ አንድ ቀን ይህንኑ በስልክ ጽፎ ሲልክላት ስልኩ «ራዲዮ» የሚለውን ቃል በራሱ አርሞ «ሌዲ» አደረገው። እርሷም ስሙን ወደደችው። «ሌዲ» ማለት እመቤት ማለት ነውና «እመቤት ጋጋ» ሆነች። ስሟ ከኩዊን ዘፈን መወሰዱን ራሷም ያረጋገጠችው ነው።

እስቲ ስሙን ልብ እንበለው። አንደኛው ቃል የተከበረች ሴት መጠሪያ ነው። ሁለተኛው የሕፃን መንተባተብ፣ ሲከፋም የእብድ ስድብ ነው። ልጅቱ ሁለቱን አጋብታ ለበሰቻቸው። «ምን ይሉኝ» ሳትል የፌዝን ቃል አንሥታ ማዕረግ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ2008 «ጀስት ዳንስ» በተባለው ዘፈኗ ታወቀች። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው «ዩ ኤንድ አይ» በተባለው ዘፈን ላይ ጊታር የመታላት የኩዊኑ ብራያን ሜይ ነው። ስሙን የሰጠው ቡድን ስሙን ከወሰደችው ልጅ ጋር በዚህ መንገድ ተገናኘ።

የበለጠ የሚደንቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የካቲት ወር የሆነው ነው። በዚያ ዓመት በተደረገው የኦስካር ሽልማት ሌዲ ጋጋ «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» በተባለው ፊልም ውስጥ ባለው «ሻሎው» በተሰኘው ዘፈን ከባልደረቦቿ ጋር ተሸለመች። በዚያው ምሽት የፍሬዲ መርኩሪን ሕይወት በሚያሳየው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» በተባለው ፊልም ላይ የተጫወተው ራሚ ማሌክ የምርጥ ተዋናይነትን ሽልማት ወሰደ። የዚያ ፊልም መዝጊያ የዌምብሌዩ መድረክ ነው፤ «ራዲዮ ጋጋ»ም ሕዝቡም ጭብጨባውም አለበት። ፍሬዲ እ.ኤ.አ. በ1991 ቢሞትም ቃሏ ግን በአንድ ምሽት በሁለት በር ወደ አንድ አዳራሽ ገባች።

ዳንስም አለ

ይህችው ቃል በሌላ አገርም በሌላ መንገድ መጠሪያ ሆናለች። በእስራኤል የታወቀው የዳንስ ደራሲ ኦሃድ ናሃሪን ጀርባውን ታምሞ በነበረበት ጊዜ ሰውነቱን ማዳመጥ ጀመረና አዲስ የእንቅስቃሴ ስልት አወጣ። ይህንንም «ጋጋ» አለው። ዘፋኟ በዚህ ስም ከመታወቋ በፊት የወጣ ስለሆነ ከእርሷ የተወሰደ አይደለም። በዚህ ትምህርት ጊዜ መስተዋት አይፈቀድም፤ እንዴት እንደምትታዩ ሳይሆን ምን እንደሚሰማችሁ ብቻ ታስባላችሁ። ዳንስ ላልተማሩ ሰዎችም የተለየ ክፍል አለው። ሕፃን ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል እንደሚወራጭ ሁሉ ትልቁም ሰው እንዲሁ እንዲሆን የታሰበ ነው። ሰውየውን የሚመለከት «ሚስተር ጋጋ» የተባለ ዘጋቢ ፊልምም እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል።

ለእኛስ?

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ልጄ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ሳለች አንድ ማታ ሥራ ይዤ ገብቼ ስጽፍ ቀሚሴን እየጎተተች «ጋጋ! ጋጋ!» ትለኝ ጀመር። «ቆይ እናቴ፣ ቆይ» እያልኩ አላየኋትም። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና «አንቺ ልጅ፣ ጋዜጣሽን እኮ ነው የምትሰጥሽ» አለችኝ። ዞር ስል ከአልጋው ሥር የወደቀውን ጋዜጣ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። እናቷን ከእርሷ የሚወስድባትን ነገር ስም አውጥታለት ኖሯል። በሰዓቱ ሣቅሁ፤ ኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ቀኑን ሙሉ በፋብሪካ፣ በቢሮ፣ በገበያ ውላ የምትገባ እናት ደክሟት «ዝም በል» ብትል አይፈረድባትም። ግን ለእራት ሽንኩርት ስትከትፍም ቢሆን፣ ልብስ ስታጥብም ቢሆን ሕፃኑ ሲያወራ ፊቷን መልሳ ያለውን ብትደግምለት ገንዘብም ጊዜም አይጠይቃትም። ልጅ ቋንቋ የሚማረው እርሱ ብሎ፣ እኛ መልሰን፣ ደግሞ እርሱ ሲል ነው። ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ ይናገራሉ እንጂ ለልጁ አይመልሱለትም።

ማዳመጥ ሌላም ጥቅም አለው። ጆሮው የማይሰማ ሕፃን እንኳ በመጀመሪያዎቹ ወራት «አጉ» ሊል ስለሚችል እናት ትታለላለች። ልዩነቱ የሚታየው ኋላ ነው። አሥር ወር አልፎት «ባባ»፣ «ዳዳ»፣ «ጋጋ» የመሰሉ ተደጋጋሚ ድምፆችን የማያሰማ፣ ወይም ጀምሮ የተወ ሕፃን ካለ «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ብሎ መጠበቅ አይገባም። ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ጆሮውን ማስመርመር ነው። ቀድሞ የታወቀ የመስማት ችግር ርዳታው ይቀላል።

የልጅ ጨዋታ ሁሉ ዘፈን አይሆንም፤ እንዲሆንም አንጠብቅም። ዛሬ ማታ ግን ከየቤታችን አንዲት ትንሽ ቃል ልትወረወር ትችላለች። ያን ጊዜ የምታነሣት እናት ወይም የሚያነሣት አባት ከአጠገብ ይገኝ።