ዐይን ያየውን ብርሃን በፎቶግራፍ ላይ ስለ ማቅናት

የፎቶግራፍ መሣሪያ ከየስልኩ ጋር በየሰው ኪስ ከገባ ወዲህ፣ የክርስትናው፣ የሠርጉና የጥምቀቱ በዓል ሥዕል በየቤተ ሰቡ ይነሣል፤ ባሕር ማዶ ላሉት ዘመዶችም በዚያው ዕለት ይላካል። ነገር ግን ብዙዎች የሚያዝኑበት አንድ ጕድለት አለ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነው ወደ በሩ አቅጣጫ ሲያነሡ፣ ወይ ውስጡ ጨልሞ የቆመው ሰው አይታወቅም፤ ወይም ሰዉ ሲታይ በሩ ነጭ ባዶ ሆኖ ከደጅ ያለው ዛፍና ሰማይ ይጠፋል። ዐይን ግን በዚያች ሰዓት ሁለቱንም አይቶ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዐይን ወደ ጨለማው ሲመለከት ብሌኑን ያሰፋል፤ ወደ ብርሃኑ ሲመለስ ያጠባል፤ አእምሮም ሁለቱን አስማምቶ አንድ አድርጎ ያቀርብልናል። መሣሪያው በአንድ ጊዜ ብርሃን የሚቀበለው በአንድ ልክ ብቻ ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የብርሃን መቀበያዎች እንደ ማድጋ ናቸው፤ ከሞሉ በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ፈሶ ይቀራል፤ ጥቂት ጠብታ ብቻ የደረሳቸውም ከባዶው አይለዩም።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለግሬ በ1850ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) የባሕር ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ባሕሩ በሚገባ ሲወጣለት ሰማዩ ባዶ ነጭ ይሆንበት ነበር። ስለዚህ ለአንዳንዶቹ ሥዕሎች አንድ ነጌቲቭ ለሰማዩ፣ አንድ ነጌቲቭ ለባሕሩ አዘጋጅቶ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አተማቸው። ዛሬ ኤች ዲ አር እየተባሉ የሚጠሩት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ይህንኑ ብልሃት በስሌት የሚፈጽሙ ናቸው።

ከስሌቱ ሊቃውንት መካከል ፖል ደቤቬክና ጂተንድራ ማሊክ በ1997 ያወጡት ጥናት እጅግ የታወቀ ነው። ለምሳሌ ካቀረቧቸው አንዱ በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ነበር። ፀሓይ ከባለቀለሙ የመስኮት መስተዋት በስተጀርባ ሳለች 16 ፎቶግራፎች ተነሡ፤ አንደኛው ብርሃን የተቀበለው 30 ሴኮንድ ሙሉ ሲሆን፣ የመጨረሻው ግን ለአንዲት ሴኮንድ አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩም ሁሉን አመሳክሮ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የነበረውን የብርሃን መጠን ከጨለማው ጣራ እስከ መስኮቱ ድረስ አሰላ።

እስከዚህ ያለው ሒሳብ ነው፤ ሰው የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው። ወረቀት ያን ሁሉ ብርሃን ሊሸከም አይችልም፤ ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው ቢበዛ በጥቂት መቶ እጥፍ ነው። ስለዚህ ሰፊውን ልዩነት አጥብቦ በጠባቡ ወረቀት ማሳደር ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ስፍራ ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ እዚህ ያበራል፣ እዚያ ያጨልማል። ሥራው በልክ ሲሆን መልካም ነው፤ ሲበዛ ግን በጣራው ጫፍና በዛፉ ራስ ዙሪያ ብርሃናማ ቀለበት ይወጣል። ሠዓሊዎቻችን ለቅዱሳን ብቻ የሚሰጡትን አክሊለ ብርሃን ለባሕር ዛፍ መስጠት ምን ይባላል? የታጠበው ነጠላ አመድ የነካው ይመስላል። ከሁሉ የሚከፋው የፊት ነገር ነው፤ ፕሮግራሙ ጥቃቅኑን ጥላ ሁሉ ስለሚያጐላ የእናት ግንባር እንደ ተሰነጠቀ መሬት ሆኖ ይቀርባል። ልጆቿ ለመታሰቢያ በግድግዳ የሚሰቅሉት ይህ ከሆነ፣ የልጅ ልጆቿ የማያውቋትን ሴት ፊት ይማራሉ።

በ2003 የወጣው ፎቶማቲክስ ይህን ሥራ በሕዝብ ዘንድ ካስፋፉት አንዱ ነው፤ ፎቶሾፕ በ2005፣ ላይትሩም በ2015 ፎቶግራፎቹን የማዋሐድ ችሎታ አገኙ። በብዙ ስልኮች ውስጥም ውሕደቱ ባለቤቱ ሳያውቀው ይፈጸማል። ተፈጥሮውን የጠበቀ ሥዕል ለሚሻ ግን በ2007 ሜርተንስና ባልደረቦቹ የገለጹትን መንገድ እንመርጣለን። ይህ መንገድ የብርሃኑን መጠን ሳያሰላ፣ ከየፎቶግራፉ በሚገባ የወጣውን ክፍል እየመረጠ ያዋሕዳል፤ ስለዚህ መልኩ አይጋነንም። ኤንፊዩዝ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በዚሁ ይሠራል፤ ፎቶማቲክስም ከሌሎቹ ጋር ይህንኑ ይዟል።

ለማንሣት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ሳይለወጥ ጊዜው ብቻ እያጠረ ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ይነሣል። የሚንቀሳቀስ ሰው በውሕደቱ ሁለት ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል ለማኅበር ሥዕል አይበጅም፤ ቅዳሴና ማሕሌት ላይማ ከነጭራሹ ባይሞከር እንወዳለን። ከማዋሐዱ በኋላ ደጁ ከውስጡ ይልቅ የበራ መሆኑን፣ ነጠላው ነጭ መሆኑን፣ ፊቱም የባለቤቱ መሆኑን መመርመር ይገባል።

በጣና ሐይቅ በዘጌ እንዳለችው እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሥዕሉ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ላይ ሆኖ ብርሃኑ በአብዛኛው ከበሮቹ ስለሚገባ፣ ለዚህ ዘዴ የተመቸ ስፍራ ነው፤ ከአለቃው ፈቃድ ከተገኘ ማለታችን ነው። በዚህ ጊዜ የቀለም መጨመሪያው ጨርሶ ሊነካ አይገባም፤ የደበዘዘው ቀይ ደብዝዞ ይታይ። ያልታረሙት ፎቶግራፎችም ቀኑ ተጽፎባቸው ከተዋሐደው ጋር ይቀመጡ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሥዕሉ ምን ያህል እንደ ተጎዳ ለመመርመር የሚመጣ ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠይቀው እነርሱን ነውና።