የቤት ቡና ማሽን ከመግዛትዎ በፊት

ሱቅ የተደረደሩት የቡና ማሽኖች መልካቸውና ዋጋቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሙቅ ውኃን በተፈጨ ቡና ውስጥ ማሳለፍ። ልዩነቱ ውኃው በምን ያህል ኃይል ያልፋል የሚለው ላይ ነው።

ኃይል የሌለው ፊልተር ማሽን ነው። የሞቀው ውኃ በወረቀት ማጥለያ ውስጥ ባለው ቡና ላይ ይንጠባጠብና በራሱ ክብደት ይወርዳል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በትልቅ ኩባያ የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው። ጀበና ለለመደ ሰው ይቀጥንበታል፤ ለብዙ እንግዳ በአንዴ ለማድረስ ግን ይመቻል።

ሞካ ፖት እሳት ላይ የሚጣድ ነው። ጣሊያናዊው አልፎንሶ ቢያሌቲ እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣው ሲሆን፣ ከታች የታፈነው እንፋሎት ውኃውን በቡናው ውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። መንተክተክ ሲጀምር ማውረድ ነው፤ ከቆየ ይመራል። በእኔ ግምት ለጀበና ወዳጅ ከሁሉም የሚቀርበው ይኸው ነው፤ ዋጋውም ኪስ አይጎዳም።

ቤቱ ማኪያቶ የሚያምረው ሰው ግን ኤስፕሬሶ ማሽን ያስፈልገዋል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የ15 ባር ግፊት አያታልልዎ፤ ጥሩ ኤስፕሬሶ የሚወጣው በ9 ባር አካባቢ ነው። ይልቅ የሚያስጨንቀው አፈጫጨቱ ነው። ቡናው በደንብ የደቀቀና እኩል ካልሆነ ውኃው በክፍተቱ ሾልኮ ያልፍና ሲኒው ውስጥ የሚገኘው ቀጭን፣ ኮምጣጣ ነገር ነው። በሙቀጫ የተወቀጠ እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ከውድ ማሽንና ከተራ መፍጫ ይልቅ፣ መካከለኛ ማሽንና ደህና መፍጫ ይግዙ። ሻጮች ይህን ብዙም አይናገሩም።

ካፕሱል፣ ማለትም በትንሽ ዕቃ የታሸገ የተፈጨ ቡና፣ የሚጎርሰው ማሽን ቁልፍ ከመጫን ሌላ ሥራ የለውም። ማሽኑ ረከስ ይላል፣ ቡናው ግን ይወደዳል፤ አንዷ ትንሽ ካፕሱል የምትይዘው 5 ግራም ያህል ነው። ቡናውን ራሱ ቆልቶ ለሚጠጣ ቤት አልመክረውም።

ዘመድ ከአሜሪካ ሊያመጣልዎ ካሰበ ደግሞ መጀመሪያ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብብ። የዚያ አገር 120፣ የእኛ 220 ነው፤ እንዲሁ ቢሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቢገዙም ከ1000 ዋት በላይ የሚስብን ማሽን የሚችለው ከባድና ውድ ነው። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ለሚመጣው ግን ቢበዛ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል።